ስለ ወንድሜ የጭንቅላት ፊልም ቀድሞ የሰጠሁትን ቃል ስለማረም

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ዓቢዳ አብዱልሐሊም ይማም
ዕድሜ፦ 45 (ተሰርዞ 49 ተብሏል፤ ምክንያቱ ከቃሉ መጨረሻ ተመዝግቧል)
ሥራ፦ ሽንኩርት ንግድ
አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ ዞን፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ
ቀንና ሰዓት፦ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ሙላት ተገኝ

ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። መጋቢት 8 ቀን በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ የሰጠሁት ቃል ውሸት ስለነበረበትና በዚያ ቃል የተነሳ ሰው ታስሮ ስለሚገኝ ላርመው መጥቻለሁ።

ዓሪፍ አብዱልሐሊም ታናሽ ወንድሜ ነው። በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የመስክ ሠራተኛ ሲሆን የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በቤታችን ወረቀት የሚያነበው እሱ ነበር። የካቲት 14 ቀን ከቀኑ 11፡00 ገደማ ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ አህያ ላለመግጨት ሲል ተገልብጦ ጭንቅላቱ አስፋልቱን መታው። ያሽከረክር የነበረው ጎረቤታችን ዛኪር ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። በቦታው አልነበርኩም፤ ይህን የሰማሁት አብረው ከተሳፈሩት ሰዎች ነው።

በዚያው ዕለት ወልድያ ከሚገኝ ሆስፒታል ወስደነው ጭንቅላቱ በሲቲ ስካን ተነሳ። በፊልሙ ላይ ከራስ ቅሉ ሥር ነጭ ነገር ይታይ ነበር። ሐኪሟ ዶ/ር ናርዶስ የፈሰሰ ደም መሆኑን፣ ለጊዜው ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልገውና ለውጡን ለማየት ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና መነሳት እንዳለበት ነገረችን። አስተኝተው ከተከታተሉት በኋላ ወደ ቤት መለሱት። ቤት ከገባ ወዲህ ግን ዓሪፍ ሌላ ሰው ሆነብኝ። እኔን በሟች እናታችን ስም ይጠራኝ ነበር። ወረቀት ሲሰጡት "ፊደሉ ይሸሸኛል" ብሎ ይመልሰዋል።

መጋቢት 5 ቀን ዓርብ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሳ። ፊልሙን ሰጥተውን፣ ሐኪሟ ሰኞ ስለምትገባ ያን ዕለት መጥተን ውጤቱን እንድንሰማ ነገሩን። እኔ ነገር ሲዘገይብኝ አልወድም። ቤት ገብቼ ሁለቱን ፊልሞች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። ነጭ የነበረው ጠቁሯል። ሃያ ዓመት ሽንኩርት ስነግድ የጠቆረ ሽንኩርት ውስጡ የበሰበሰ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ በዚህ ተሳስቼ አላውቅም። የወንድሜ አንጎል በስብሷል ብዬ ፈረድኩ። ሊጠይቁት የመጡትም ሁሉ መስኮቱ ሥር ቆመው አዎ፣ ጠቁሯል አሉ። እኛ ዘንድ ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አይቶ ዝም አይልም።

ሰኞ ወልድያ መሄድ ሲገባኝ ወደ ጣቢያው መጣሁ። የወንድሜ አንጎል እንደጠቆረና ሐኪም አይተርፍም እንዳለ አስመዘገብኩ። ይህን ያለ ሐኪም የለም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። በአደጋው ተይዞ በዋስ የተለቀቀው ዛኪር በዚህ ቃል ተመልሶ ታሰረ። እናቱ እትዬ ዘሀራ ረመዳኑን ለአፍጥር ሾርባ ሲልኩልን ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩ። በዒድ ዕለትም ሽማግሌ ይዘው ደጄ ቆሙ። በዒድ የመጣ ሽማግሌ በአገራችን አይመለስም፤ እኔ ግን መለስኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሚያዝያ 24 ቀን ጠዋት ዓሪፍ ከደጅ ተቀምጦ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሊሞት የተቃረበ ሰው አንዳንዴ ይነቃል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ደነገጥኩ። በዚህ ድንጋጤ ሚያዝያ 27 ቀን ወልድያ ይዤው ሄድኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ተነሳ። ዶ/ር ናርዶስ ሦስቱን ፊልሞች በተራ ደርድራ በጣቷ እያሳየች እንዲህ አለችኝ፦ "እትዬ ዓቢዳ፣ ነጩ ትኩስ ደም ነው። ሲያረጅ ይጠቁራል፤ ከዚያ ሰውነት ይመጠዋል። እርስዎ ቀብር ያሰቡለት ሲድን ነው።"

በሦስተኛው ፊልም ላይ ጥቁሩ ቀጥኖ እንደ ክር ሆኗል። ደሙ ገፍቶት የነበረው አንጎልም ወደ ቦታው ተመልሷል። ራስ ምታቱ ገና እንደሚያስቸግረውና ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ተነግሮናል። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። አልሐምዱሊላህ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከወልድያ እንደተመለስኩ ቤቴ ሳልገባ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄጄ፣ ዋሽቼብዎታለሁ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና "ዓሪፍ ዳነ አይደል? የኔም ይወጣል፣ ኢንሻአላህ" አሉኝ። የባጃጁን መገልበጥ ሕግ ይመልከተው። እኔ በውሸቴ የጫንኩበት ግን እንዲነሳለት እጠይቃለሁ።

ሳጅኑ ቃሌን ሊያነብልኝ ሲል፣ አብሮኝ የመጣው ወንድሜ እንዲያነብልኝ ለመንኩ፤ ተፈቀደልኝ። ዓሪፍ በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥቂት ቆመና ቀጠለ። ጨርሶ ወደዚያው ተመልሶ "ይህ ዕድሜ ትክክል አይደለም። እኔ አርባ ደፍኛለሁ፤ እሷ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ በጀርባዋ ያዘለችኝ እሷ ናት" አለ። ሳጅኑ የማንን ልጻፍ ብሎ ጠየቀኝ። የእሱን ጻፍ አልኩ። ዕድሜዬ ሲጨመርብኝ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ቃሌም ዕድሜዬም ታርመዋል። የተነበበልኝ ሁሉ ያየሁት፣ የሰማሁትና ያደረግሁት ነው፤ በዚህኛው ያልሰማሁትን ሰማሁ አላልኩም። ለዚህም አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክሯ የአውራ ጣት አሻራ፦ ዓቢዳ አብዱልሐሊም
ቃሉን የተቀበለው (ፊርማ)፦ ምክትል ሳጅን ሙላት ተገኝ
ለምስክሯ ያነበበላት (በራሱ እጅ ጽሑፍ)፦ ዓሪፍ አብዱልሐሊም