ጋሽ ፊሽካና የኪራይ ውል

ዕድሜያቸውን በእግር ኳስ ዳኝነት የፈጁ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ፊሽካቸውን ከአንገታቸው ያላወለቁ አንድ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፊሽካ» ይላቸዋል። ሜዳ ውስጥ ዓይናቸውን የሚያታልል አልነበረም፤ ከሜዳ ሲወጡ ግን የነገሯቸውን ሁሉ የሚያምኑ የዋህ ናቸው።

አንድ ቀን «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ማስታወቂያ አይተው የአንድ ፎቅ ደረጃ እያለከለኩ ሲወጡ፣ ከላይ የምትወርድ ወጣት ነርስ አገኙ። የድሮ በረኛ ወዳጃቸው ልጅ ናት፤ እዚያው ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖራለች።

«ጋሼ! ምነው፣ በደህና ነው?»

«ቤት ፍለጋ ነው፣ ልጄ። አከራዬ ውጭ አገር የሚማረውን ልጁን ሊድር ነው። ቤቱ ለሙሽሮቹ ስለሚያስፈልግ በዚህ ወር ልቀቅልኝ አለኝ። የሰው ደስታ አይከለከል ብዬ እሺ አልኩ።»

«በዚህ ወር? ውልዎ ምን ይላል?»

«የምን ውል? እኔና እሱ እኮ ወንድማማች ማለት ነን። ገና ስገባ ‹ቤቱ ቤትህ ነው› ብሎኛል።»

«ቤትዎ ከሆነ ታዲያ እንዴት ያስወጣዎታል?»

ጋሽ ፊሽካን ድንገት ሳል ያዛቸው። ነርሷ ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቃ ቀጠለች።

«ይህ ፎቅ ከሥሩ መድኃኒት ቤት ያላቸው የአንዲት ሴትዮ ነው። እዚህ ቤት የሚከራይ ሁሉ የጽሑፍ ውል ይፈርማል፤ ውሉም በከተማው የቤቶች ቢሮ ይመዘገባል። ዘመኑ ሳያልቅ ያለ በቂ ምክንያት ውጣ የሚል የለም። ኪራይም ባለቤቲቱ በክፉ ሕልም በነቁ ቁጥር አይጨመርም።»

«እግዜር ያሳይሽ!» አሉ ጋሽ ፊሽካ ፊታቸውን አጨፍግገው። «በዚህ ሽበቴ በወረቀት ልጠረጠር? የሚያስፈርም ሰው አስቀድሞ ጠርጥሯል ማለት ነው። ሰው የሚታሰረው በቃሉ ነው!»

«እርስዎ ሲያጫውቱ ሜዳው በኖራ ይሰመር የለም? ተጫዋቾቹን ጠርጥረው ነው?»

«እሱማ ኳሷ መውጣት አለመውጣቷ እንዲለይ ነው!»

«ውልም እንደዚያው ነው፣ ጋሼ።»

«ኳስና ቤት ምን አገናኘው!» ብለው ቤቱን እንኳ ሳያዩ ወረዱ።

ሰው በነገር ሲረታ ወይ ያምናል ወይ ይቆጣል፤ መቆጣቱ ስለሚቀል አብዛኞቻችን እሱን እንመርጣለን። ጋሽ ፊሽካም ተቆጥተው ሲሄዱ፣ «ሰርግ ባዶ እጅ አይኬድም» አሉና ለሙሽሮቹ የሚሆን ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝተው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ጭንቅላታቸውን በሳሙና አረፋ ሸፍነው እያንጎራጎሩ ሳለ የውጭው በር ተከፈተ። አከራዩ በኪሱ በሚይዘው ሌላ ቁልፍ ከፍቶ መግባቱ ነው። የሚያስጎበኛቸው ባልና ሚስት ከኋላው አሉ።

«ሳሎኑ ይኸው ነው፤ ፀሐይ ይገባዋል። ውሃውማ አይወራም፤ ኑ ላሳያችሁ!» አለና የመታጠቢያ ቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

ጋሽ ፊሽካ በአንድ እጃቸው ፎጣ፣ በሌላው ፊሽካቸውን አፈፍ አደረጉ። በትልልቅ ግጥሚያዎች እንኳ እንደዚያ ነፍተው አያውቁም። ጎረቤት ሁሉ እሳት የተነሳ መስሎት እየሮጠ መጣ።

ሳሙናው ከዓይናቸው ሲጠረግ ሁለቱን እንግዶች አዩና ፊታቸው በራ።

«አሃ፣ ሙሽሮቹ! እንኳን ደስ ያላችሁ! አንተ ልጅ ግን አባትህን ጨርሶ አልመሰልክም።»

«የምን ሙሽራ?» አለ ሰውየው ተደናግጦ። «እኛ የልጆች ወላጆች ነን! ደግሞስ እዚህ የነበሩት ሽማግሌ አገር ለቀው ሄደዋል አልተባልንም እንዴ?»

ሁሉም ወደ አከራዩ ዞሩ። አከራዩ የሚያየው ጠፍቶት ኮርኒሱን ያያል።

«ልጅህስ?» አሉት ጋሽ ፊሽካ ቀስ ብለው።

«እ... ሰርጉ ተራዝሞ...»

«የትኛው ልጁ?» አሉ ከደጅ ያሉ አንዲት ጎረቤት። «ይህ ሰው መቼ ወለደና ነው የሚድረው?»

ደጅ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፊሽካ ግን አልሳቁም። ያፈሩት እርቃናቸውን በመታየታቸው አልነበረም፤ ለብዙ ዓመት ወንድሜ ሲሉት የኖሩት ሰው ቤቱን በተሻለ ዋጋ ለማከራየት ልጅ ፈጥሮ በማታለሉ ነው። ለብሰው ሲወጡ በቀጥታ ያመሩት ወደዚያ ፎቅ ነበር።

ነርሷ «አላልኩዎትም?» አላለችም፤ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ወደ መድኃኒት ቤቷ ባለቤት ወሰደቻቸው። ጋሽ ፊሽካ መነጽራቸውን ሰክተው ውሉን ቃል በቃል አነበቡ፤ ከመያዣው ገንዘብ አመላለስ እስከሚፈነዳው ቧንቧ ጥገና ምንም አልቀረም።

«ባለቤት ሳያስታውቅ አይገባም ይላል። መታጠቢያ ቤቱንም ይጨምራል?» ሲሉ ጠየቁ።

«መታጠቢያ ቤቱ እኮ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ጋሼ» አሉ ባለቤቲቱ።

«ቢሆንም ለብቻው ይጻፍልኝ።»

ሴትዮዋ ሳቃቸውን ውጠው ጻፉላቸው።

«እኔስ ተጠቀምኩ፤ ለእርስዎ ግን ምኑ ነው ትርፉ?» አሏቸው ጋሽ ፊሽካ።

«ተከራይ በድንገት ጥሎኝ አይሄድም፤ ቤቴም ባዶውን አይቀመጥም። ማን ምን እንደሚጠግን ስለተጻፈ ከማንም ጋር ተኳርፌ አላውቅም። ቃል ጥሩ ነገር ነው፣ ጋሼ፤ ጥሩ ቃል ግን መጻፍን አይፈራም።»

ጋሽ ፊሽካ ይህን ሰምተው ፈረሙ፤ ብርድ ልብሱንም በገዛ አልጋቸው ላይ አነጠፉት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ ሥዕል ለመስቀል ምስማር ሲመቱ ነገ ውጣ እባላለሁ ብለው አይሰጉም። የሰፈሩን ሽማግሌዎችም «ከወንድማችሁም ቢሆን ተዋዋሉ፤ ወንድማማችነታችሁ የሚሰነብተው ያኔ ነው» እያሉ አላስቀምጥ አሏቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራቸው ተንኳኳ። ባለቤቲቱ ቧንቧ ሠሪ ይዘው እንደሚመጡ አስቀድመው ነግረዋቸው ስለነበር፣ ደጅ የቆመው ማን እንደሆነ ጋሽ ፊሽካ ደህና አድርገው ያውቃሉ። ቢሆንም በወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ድምፃቸውን ጠርገው፣ እየጣማቸው «ማነው?» አሉ።