መጀመሪያ ለማን ይነገር

ኤድመንተን፣ ካናዳ፤ በአፍጋኒስታኑ ጦርነት ዘመን፣ በረዶ የበዛበት አንድ ከሰዓት በኋላ። ከካንዳሃር ለእረፍት መጥታ ነገ ወደ ግዳጇ የምትመለሰው ወታደር ቤዛ ከሱቅ ትገባለች፤ እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ ሳሎን ተቀምጠው የልጃቸውን ልብስ ያጣጥፋሉ።

ቤዛ፦ እማዬ፣ የቤቱ ቁጥር የት ሄደ?

ትርንጎ፦ በሩን ዝጊው፤ ብርዱ ገባ።

ቤዛ፦ ዘግቼዋለሁ። ቁጥሩስ?

ትርንጎ፦ ወደቀ።

ቤዛ፦ አራቱም አሃዝ? ከነብሎኑ?

ትርንጎ፦ በረዶ ነዋ። በረዶ የማይጥለው ምን አለ?

ቤዛ፦ በረዶ ብሎን ሲፈታ አይቼ አላውቅም። ይኸው ብሎኖቹ የስኳር ዕቃው ክዳን ላይ ተቀምጠዋል። ካቻቢቴውም አጠገባቸው አለ።

ትርንጎ፦ ካየሽው ለምን ትጠይቂኛለሽ? ቤቱ የኔ ነው።

ቤዛ፦ የኔም ነው፤ ግን አላገኘሁትም! መንገዱ ሙሉ አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት በረዶ። የሚስተር ኮቫልን በር በቁልፌ ስታገል ሰውየው አካፋ ይዞ ወጣብኝ።

ትርንጎ፦ ውይ! ደኅና ነው ሽማግሌው?

ቤዛ፦ እሱ ደኅና ነው። እጄን ወደ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ይኸው! ወታደር ነኝ ትያለሽ፤ በአንድ አካፋ ተማረክሽ።

ቤዛ፦ ነገ ጠዋት ታክሲው በምን ያገኘኛል?

ትርንጎ፦ ካላገኘሽ ትቀሪያለሻ።

ቤዛ፦ ለዚህ ነው የነቀልሽው?

ትርንጎ፦ ለዚህ እንኳ አይደለም። ይህ ምርቃት ነው።

ቤዛ፦ ታዲያ ለምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ሁለት ሰዎች እንዳይመጡብኝ።

ቤዛ፦ የትኞቹ ሁለት ሰዎች?

ትርንጎ፦ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር የያዙ። መኪናቸውን ፈንጠር አድርገው አቁመው፣ እየተያዩ ወደ በር የሚመጡ። ቴሌቪዥን ላይ ወታደር ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ስትናገር ሰማሁ። ደወሉን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደወሉት አለች።

ቤዛ፦ ደወሉም የማይሠራው ለዚህ ነው?

ትርንጎ፦ ባትሪውን በካንዳሃር ሰዓት ለሞላሁት የግድግዳ ሰዓት ፈልጌው ነው። ያንቺ አገር ሰዓት ቆሞ እኔ እዚህ ምን እያየሁ ልኑር?

ቤዛ፦ እማዬ...

ትርንጎ፦ ጥቅምት ላይ ሁለት መጡ። ጥቁር ካፖርት፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። በመስኮት አየኋቸውና አልጋ ሥር ገባሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አልጋ ሥር ገባሁ።

ቤዛ፦ ማን ነበሩ?

ትርንጎ፦ እነዚያ በየቤቱ እየዞሩ የሚሰብኩት። ወረቀታቸውን በበሩ ሥር ከተው ሄዱ። በሕይወቴ ሰባኪ እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ሮጬ መለስኳቸውና ሻይ አጠጣኋቸው። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ።

ቤዛ፦ እነሱስ ያለ ቁጥር ያገኙታል?

ትርንጎ፦ እነሱ መንገዱን ለምደውታል።

ቤዛ፦ እሺ፣ በጥቅምት ከፈራሽ ለምን ዛሬ ነቀልሽው?

ትርንጎ፦ ለእረፍት ስትመጪ እንድታገኚው ነዋ። መጣሽ፤ አየሁሽ። አሁን ልትሄጂ ነው፤ ነቀልኩት።

ቤዛ፦ ጫማ ለሚያድል ሰው ማን ይመጣል? ግምጃ ቤት ነው የምሠራው ብዬሻለሁ። አርባ ሁለት ቁጥር፣ አርባ ሦስት ቁጥር፤ እዚህ ጋ ፈርም፣ ሂድ። አለቀ።

ትርንጎ፦ ጫማ ለማደል አፍጋኒስታን ድረስ ምን አስኬደሽ? እዚህም እኮ ሰው እግር አለው።

ቤዛ፦ ለማንኛውም በከንቱ ነው የደከምሽው። እነዚያ ሰዎች ወደ አንቺ አይመጡም።

ትርንጎ፦ እንዴት?

ቤዛ፦ ቅጹ ላይ ያንቺን ስም አልጻፍኩም።

ትርንጎ፦ የምን ቅጽ?

ቤዛ፦ ከመሄዳችን በፊት ሁላችንም የምንሞላው ነው። አንድ ነገር ቢደርስ መጀመሪያ ለማን ይነገር ይላል።

ትርንጎ፦ የማንን ስም ጻፍሽ?

ቤዛ፦ የጋሽ ወንድይራድን።

ትርንጎ፦ የትኛው ወንድይራድ?

ቤዛ፦ የእድሩ ሊቀ መንበር ነዋ።

ትርንጎ፦ ወንድይራድ ምንሽ ነው?

ቤዛ፦ ምኔም አይደለም። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ እድር ብዬ ጻፍኩ። ሃምሳ አለቃዋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። እድር ማለት ምንድን ነው አለችኝ፤ የለቅሶ ኮሚቴ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ጦሩ በሙሉ በለሆሳስ ነበር የሚያነጋግረኝ።

ትርንጎ፦ እናት እያለችሽ!

ቤዛ፦ እናት ስላለችኝ ነው እንጂ! መርዶ ለእናት በቀጥታ ይነገራል እንዴ? አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ይዘጋጃል። ሁለት ፈረንጅ በር ላይ ቆሞ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንቺ ብቻሽን... አሰብኩትና አልሆነልኝም። በወጉ ይሁንላት ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ እና ወንድይራድ እሺ አለ?

ቤዛ፦ በክብር ተቀበለ። ዝግጅትም ጀምሯል።

ትርንጎ፦ የምን ዝግጅት?

ቤዛ፦ ያው ጥንቃቄ ነው። ታውቂው የለ፣ መሐንዲስ ነበር።

ትርንጎ፦ ቆይ። ቆይ። መስከረም ላይ ሜትር ይዞ መጥቶ ጓሮዬን የለካው... የጎመን መደብ ልሥራልሽ ብሎኝ ነበር!

ቤዛ፦ ድንኳኑ ይገባ እንደሆነ ለማየት ነው።

ትርንጎ፦ ምሳ አብልቼዋለሁ! ሁለት ጊዜ ጨምሬለታለሁ! ስንት ሰው ይይዛል አለ?

ቤዛ፦ ስድሳ። የፖም ዛፉ ከተቆረጠ ሰማንያ።

ትርንጎ፦ ዛፌን! ለካ ይህች ዛፍ ፀሐይ ከለከለችሽ ያለኝ ለዚህ ነው! አዝኖልኝ መስሎኝ!

ቤዛ፦ በረዶ ከሆነ ግን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሻላል ብሏል። ድንኳን ውስጥ ማሞቂያ አስቸጋሪ ነው አለ።

ትርንጎ፦ ወቅት ያማርጥልኛል ደግሞ? ፋናዬስ? እትዬ ፋናዬ ታውቃለች?

ቤዛ፦ እትዬ ፋናዬ... በግራ ናት።

ትርንጎ፦ የምን ግራ?

ቤዛ፦ ግራ ክንድሽን የምትይዘው እሷ ናት። ቀኙን ወይዘሮ ፀዳለ።

ትርንጎ፦ ለካ! ለካስ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ጨምድዳ ደረጃውን የምታወርደኝ ልምምድ ላይ ነበረች! እኔ ደግሞ ሞኟ፣ አረጀሁ መሰለኝ። ቫይታሚን ጀምሬያለሁ!

ቤዛ፦ ቫይታሚኑ ክፋት የለውም።

ትርንጎ፦ ስንት ሰው ነው የሚያውቀው?

ቤዛ፦ ኮሚቴው ብቻ።

ትርንጎ፦ ኮሚቴው ስንት ነው?

ቤዛ፦ ዐሥራ አንድ።

ትርንጎ፦ ዐሥራ አንድ! ከነሚስቶቻቸው ሃያ ሁለት። ከነልጆቻቸው ግማሽ ኤድመንተን። እኔ እኮ በዚህ ዓመት ሰው ምን ነካው እያልኩ ነበር። ወረፋ ያስቀድሙኛል። በእድሩ ስብሰባ አርፍጄ ገብቼ አንድ ሰው አልተቆጣኝም። ፀዳለ እንኳ፣ ያች ፀዳለ፣ ሽሮሽ ጥሩ ነው አለችኝ።

ቤዛ፦ ስለሚወዱሽ ነው።

ትርንጎ፦ ስለ ወንድሜ ስለ አየልኝ ነግሬሽ አውቃለሁ?

ቤዛ፦ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ እንደቀረ።

ትርንጎ፦ እሱን አይደለም። እናቴን ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ጌሾ ትሸጥ ነበር። አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ሳይከራከር ይገዛት ጀመር። የጠራችለትን ሰጥቶ፣ እግዜር ያክብርልኝ እናቴ ብሎ ይሄዳል። ማታ ስትገባ ዘንድሮ ገበያው ቀናኝ ትለናለች። ደስ ብሏት። እንዲህ ሦስት ወር ሄደ። ለካ ገበያው በሙሉ ሰምቷል። የሚነግሩበትን ቀን ነበር የሚመርጡት። እርሻው ይለቅላት፣ ጾሙ ይፈታላት እያሉ።

ቤዛ፦ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።

ትርንጎ፦ መርዶውን የሰማች ዕለት ለአየልኝ አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ ሦስት ወር ሙሉ ስስቅ አያችሁኝ አለች። ከዚያ ወዲያ ሳይከራከር ለሚገዛ ሰው ጌሾ አትሸጥም ነበር። ተከራከር ትለዋለች። ካልተከራከርክ ሂድልኝ።

ቤዛ፦ እኔ እንዲቀልልሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። እነሱም እንዲቀልላት ብለው ነው።

ቤዛ፦ አንቺስ? ላለመስማት ቁጥር የነቀልሽ፣ አልጋ ሥር የገባሽ አንቺው አይደለሽ?

ትርንጎ፦ እኔ አልሰማም ካልኩ ማንም አይስማ! ፋናዬ ሰምታ፣ ወንድይራድ ሰምቶ፣ ፀዳለ ሽሮዬን እያመሰገነች እኔ ቫይታሚን የምውጥበት ነገር ግን አይሆንም። ቅጹ የት አለ?

ቤዛ፦ ግልባጩ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ነገ ከመሳፈሬ በፊት መቀየር ይቻላል።

ትርንጎ፦ አውጪው። ሰርዢው ያንን ሰውዬ።

ቤዛ፦ ጋሽ ወንድይራድ ቅር ይለዋል።

ትርንጎ፦ ይበለዋ! ሐሞት ከረጢቴን ያወጡ ዕለት እኔ ገና ከማደንዘዣው ሳልነቃ ለምእመናን ያበሰረ ሰው ነው። ጻፊ። ትርንጎ አላምረው።

ቤዛ፦ ስምሽን አውቀዋለሁ።

ትርንጎ፦ ዝምድና፣ እናት። በትልቁ ጻፊው። ሌላ ክፍት ቦታ አለ?

ቤዛ፦ ልዩ ማሳሰቢያ የሚል ትንሽ ሳጥን አለ።

ትርንጎ፦ ቆመው እንዳይነግሯት በዪ። ገብተው ይቀመጡ፣ ካፖርታቸውን ያውልቁ። ሻይ ሳይጠጡ ምንም አትሰማቸውም በዪ።

ቤዛ፦ ሃምሳ አለቃዋ ይህን አራት ጊዜ ነው የምታነበው።

ትርንጎ፦ ታንብበዋ። ጨረስሽ?

ቤዛ፦ ጨረስኩ።

ትርንጎ፦ ፈረምሽ?

ቤዛ፦ ፈረምኩ።

ትርንጎ፦ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የሚነገረው ለኔ ነው። እንጀምር። ሥራሽ ምንድን ነው?

ቤዛ፦ ነገርኩሽ እኮ። ጫማ...

ትርንጎ፦ ሃያ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሰው ልብስ ያጠብኩ ሴት ነኝ። ደሙን ከሾርባው፣ ሾርባውን ከመድኃኒቱ በጠረኑ እለያለሁ። ይህን ሱሪ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ጫማ በናፍጣ ነው እንዴ የሚታደለው? ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመልሺኝ ደግሞ መንገዱን መሀል ለመሀል ነው የነዳሽው። ዳር ላይ የቆሻሻ ከረጢት ባየሽ ቁጥር ትሸሻለሽ። ሰው ጥሩምባ ይነፋብናል፤ እኔ ዝም ብዬ ዳዊቴን እደግማለሁ።

ቤዛ፦ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፤ እዚያ ፈንጂ የሚጠመደው መንገድ ዳር ነው። ነዳጅና ውኃ እናመላልሳለን።

ትርንጎ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ቤዛ፦ ከመጀመሪያው ቀን።

ትርንጎ፦ ብቻሽን?

ቤዛ፦ ተከታትለን ነው የምንሄደው። ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት መኪና።

ትርንጎ፦ አንቺ ስንተኛ ነሽ?

ቤዛ፦ ሁለተኛ።

ትርንጎ፦ ከኋላ?

ቤዛ፦ ከፊት።

ትርንጎ፦ እህ።

ቤዛ፦ እማዬ፣ ውኃ ላምጣልሽ?

ትርንጎ፦ ክንዴን ልቀቂ፤ አንቺም እንደ ፋናዬ ልትሆኚብኝ ነው? ደኅና ነኝ። ካንቺ ፊት የሚነዳው ማን ነው?

ቤዛ፦ ራያን የሚባል ልጅ ነው። ከኒውፋውንድላንድ።

ትርንጎ፦ እናት አለችው?

ቤዛ፦ አለችው። በየሳምንቱ የሱፍ ካልሲ ትልክለታለች። እኛ ስንሄድ ሙቀቱ አርባ አምስት ዲግሪ ነበር፤ እሷ ካልሲ ትልካለች።

ትርንጎ፦ ስልኳን አምጪልኝ።

ቤዛ፦ የማንን?

ትርንጎ፦ የእናቱን።

ቤዛ፦ እማዬ፣ የኒውፋውንድላንድ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር ለኔ ራሱ ግማሹ አይገባኝም። ደግሞስ ምን ልትያት ነው?

ትርንጎ፦ ምስኪን! እሷም እኮ ልጄ ጫማ ያድላል ብላ ተቀምጣ ይሆናል።