ያላለቀሰችው ልጅ

— ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል?… ሎጋው፣ አንተ ነህ እንዴ? ቁጥሩ አዲስ ሆኖብኝ ነው… እሺ፣ የክሊኒኩ ስልክ ነው። ደህና ነኝ፣ ተመስገን። በዚህ ሳምንት ስትደውል ይሄ አራተኛህ ነው'ኮ። ተማሪዬ በነበርክ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቅከኝም።

(ሲስተር፣ ሣጥኑን እዚያ አታስደርጊብኝ፣ በሩን ዘጋው። ውጪ ገና ስድስት ልጅ ይጠብቀኛል።)

— አይ፣ አንተን አይደለም። ቢሮዬን እየጫኑት ነው። ጡረታ የምወጣው ዓርብ ነው ብያቸው ዛሬ ማክሰኞ ወንበሬን ወሰዱት። ቆሜ ነው የማናግርህ… እና ለስንብቴ ከምትጽፈው ታሪኬ አሁን ምን ቀረህ?… የተመረቅኩበት ዓመት። ነግሬህ ነበር'ኮ… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… ነግሬህ ነበር ነው የምልህ። በልጆች ዓይን ሕክምና ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በማስተማር ሃያ አራት። ጻፈው፣ እንዳይጠፋብህ።

— ስንት ሐኪም አስተማርኩ? እኔ ምን አውቄ… በግምት? ልጄ፣ እኔ በግምት ስናገር ሰምተኸኝ ታውቃለህ? ይልቅ እስካሁን የጻፍከውን አንብብልኝ…

— እህ… «የሕፃናት የብርሃን እናት»። እሱን ሰርዘው… ሰርዘው አልኩህ፣ አምፖል ነኝ እንዴ? በስንብቱ ቀን እህቴ ፊተኛው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፣ ይሄን ስትሰማ ትስቅብኛለች… ሌላስ?… «በትዕግሥታቸው የሚታወቁ»። አሁን ደግሞ ሲስተር እየሳቀች ነው። አንተን ራስህን ስንት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼሃለሁ?

— ምሳሌ? እሱ ይሻላል። የማን?… የራስህ ታካሚ። እሺ፣ ንገረኝ… አራት ዓመቷ ነው… አንድ ዓይኗ ሰንፏል… መነጽር ሰጠሃት፣ ደካማው እንዲሠራ ጤነኛውን ዓይን ሸፈንክባት። ደግ አደረግህ… ስድስት ሳምንት ሆናት… እሺ… ምን አልክ?

— ድገመው እስቲ… አላለቀሰችም?

— አንድ ቀንም?… መሸፈኛውን ቀዳ አልጣለችውም?… እናቷ «ወርቅ የሆነች ልጅ» አለችህ… ትሮጣለች፣ ሥዕል ትሥላለች። መሸፈኛውን እንዳደረገች…

(ወንድሜ፣ ይቅርታህን፣ አንዴ መጎተቱን ተወው። ሲስተር፣ በሩን ዝጊልኝ።)

— ሎጋው፣ የጽሑፉን ነገር አሁን ተወውና ስማኝ። ደህና የሚያየው ዓይኗ የተሸፈነባት የአራት ዓመት ልጅ ምን ታደርጋለች? ምን ብዬ ነበር ያስተማርኩህ?… አዎ፣ ታለቅሳለች። ከበር ጋር ትጋጫለች፣ እናቷን ትነክሳለች፣ መሸፈኛውን ገንጥላ ድመቷ ላይ ትለጥፋለች። ዝም ያለች ልጅ ከገጠመችህስ? በል ጨርሰው… ፍራ። አዎ፣ ፍራ ነው ያልኩህ።

— አልተቆጣሁም… እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። ልጅቷ የት ናት?… ቀጠሮዋ ዛሬ ነው? አግዳሚው ላይ? እንግዲያው እግዚአብሔር ነው ያስደወለህ። ከነእናቷ አስገባት። ስልኩን እንዳትዘጋው።

(ጤነኛውን ትቶ ደካማውን ዓይን ሳይሸፍንባት አልቀረም፣ ሲስተር… ገና አላረጋገጥኩም። እስቲ ዝም በይ።)

— አለሁ… ገቡ? ለእናትየዋ ገና ምንም እንዳትል። መጀመሪያ ካርዷን አንብብልኝ… «ግራ ዓይን ይሸፈን»። ይሄን ስትጽፍ ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ ነበር?… የማን ግራ?… የማን ግራ ነው የምልህ፣ ያንተ ወይስ የሷ?

— ያንተ… ጤነኛው የሷ ቀኝ ነው ማለት ነዋ፣ እናትየዋ ግን የልጇን ግራ ሸፈነች።

— ክሩስ?… ቀዩ ክር ነዋ። እናትየዋ ቤቷ ገብታ እንዳትሳሳት፣ በጤነኛው ዓይን በኩል ባለው የልጅቷ እጅ ላይ የምናስረው። ስታስር ሁለቴ ታስባለህ፣ እናትየዋም የልጇን እጅ ይዛ ታያለች… ኮምፒውተር ላይ ስለሚመዘገብ ተውከው። አውቃለሁ፣ «የክር ሐኪም» ትሉኝ ነበር። ከኋላዬ ያወራችሁትን ሁሉ ሲስተር ትነግረኝ ነበር። ለምን እንደማስር ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።

— አሁን መሸፈኛውን አንሳላት። ቀስ ብለህ። ክፍት የነበረውን ዓይኗን ደግሞ በመዳፍህ ሸፍን። በጣትህ አይደለም፣ በጣት መካከል ያያሉ… ሸፈንከው?…

— ይሰማኛል… ይሰማኛል፣ ልጄ። እጅህን ገፋችው?… እሰይ። አልቅሺ፣ የኔ እመቤት። አልቅሺ።

— ተመስገን… አይ፣ አንተ ተመስገን አትበል፣ ስድስት ሳምንት አቃጥለህባታል። ግን ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ጊዜ አላት። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነበር…

— አዎ፣ የእህቴ ልጅ። ሐኪም በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔም እንዳንተ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በራሴ ግራና ቀኝ ጻፍኩ። አራት ወር ሙሉ ደካማውን ዓይን ሸፍነንበት ከረምን። እሱም ዝም አለ። እናቱ ጨዋነቱን ለጎረቤት ሁሉ ስታወራለት ነበር። ስነቃ ጊዜው አልፏል… ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ የሚያየው ግን በአንድ ዓይኑ ነው። ለእህቴ ለመናገር ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። ስነግራት ልጁን ጠራችው። «ለአክስትህ ወንበር አምጣላት» አለችው። አመጣልኝ… ምን አደርጋለሁ፣ ተቀመጥኩበት።

— እንግዲህ ታሪኬን መጻፍ ካማረህ ከዚያ ጀምር… ይነበባል እንጂ። እህቴ እንደሆነች የማታውቀው ነገር የለም። ስንት ሐኪም አስተማሩ ላልከኝ ደግሞ፣ አንተን ልቁጠርህ አልቁጠርህ ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ትነግረናለች።

— ለእናትየዋ ዛሬውኑ ንገራት። «ስህተት ተፈጥሯል» አትበላት፣ እሱ የቢሮ ወሬ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት በላት። ብትቆጣህ ትቆጣ፣ ብትሰድብህም ዝም በል። እንደኔ ሰባት ዓመት እንዳትቆይ።

— ክር አለህ?… ከጋዋንህ ጫፍ ምዘዝ፣ አይታጣም። ቀይ ባይሆንም ግድ የለም። ቀኝ እጇ ላይ… የሷ ቀኝ። አዎ፣ አሁን ገባህ። እናትየዋም የሚሸፈነውን ዓይን በጣቷ ጠቁማ ሳታሳይህ እንዳትሸኛት… እያለቀሰች ነው አሁንም? ታልቅስ፣ ተዋት።

— በል፣ በአንድ እጅ ክር አይታሰርም። ስልኩን አስቀምጠው።