የአያ ተሰማ ሁለተኛ ዓይን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው በፋኖስ ተፈልጎም አይገኝም ነበር፤ እና እኔ የሞላሌው የቄስ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ሥዕል ተምሬ፣ መርሐቤቴ የባህል ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። ታዲያ ምን ልሣል? ቆላ ወርጄ የጀማን ወንዝ ዓሣ አጥማጆች አየሁ። እግራቸው ጭቃ፣ ቁምጣቸው በእራፊ ላይ እራፊ የተደረበበት። እና እንዳሉ ሣልኳቸው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። መሃል ላይ መረብ የሚስቡት አያ ተሰማ ናቸው፤ ቤታቸው አሳድረው፣ ዓሣ ጠብሰው ያበሉኝ ሰው። በጎን ነው የሣልኳቸው፣ ዓይናቸው መረቡ ላይ፣ ልክ እንደሚሠሩት።

ሥዕሉ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ፣ በገበያው ቀን ሰው ጎረፈ። እና ያገራችን ሰው ሥዕል የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፣ አይደለም? እዚያ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህ ይጠፋኛል? የቄስ ልጅ ሆኜ! ግን ጠፋኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አስረስቶኛል።

በሳምንቱ አያ ተሰማ ዳገቱን ወጥተው ደጄ ላይ ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ፣ አያ።»

«አልገባም። አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?»

«ኧረ ምን አደረግኩ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ‹ይሁዳ፣ እንዴት አደርክ› ይለኛል። ልጄን ሊጠይቁ ያሰቡትም ሽማግሌ መላኩን ተዉት። ዓሣዬን አብልቼህ፣ በአንድ ዓይን ትሥለኝ?»

«አያ፣ በጎን ሲታዩ እኮ ሌላው ዓይን አይታይም!»

«ዞረህ ማየት አቃተህ?»



ታዲያ አለቆቼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ቀድሞም ጠምደውኝ ነበር፤ «ልማታችን የታል? ጫማ አድርግላቸው» ሲሉኝ «ጫማ አድርጎ ወንዝ የሚገባ ማን ነው?» ብያቸዋለሁ። እና ግምገማ ጠሩ፣ ያን የዘመኑን ግምገማ፣ አያ ተሰማንም ምስክር አድርገው አመጡ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንዲህ በአፍንጫው፣ «አባት፣ ይህ ግለሰብ አርሶ አደሩን አንቋሽሿል፣ አይደለም ወይ?» አለ።

አያ ተሰማ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔን አዋርዶኛል» አሉ።

ሰብሳቢው ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ፣ እሳቸው ቀጠሉ።

«ግን ነገሩ የእኔና የእሱ ነው። እራፊው የራሴ እራፊ ነው፣ እግሩም የራሴ እግር፤ አልዋሸም። ዓይኔን ይመልስልኝ፣ ሌላ ክስ የለኝም። እናንተስ ስለ እኛ የምትቆጡት፣ መቼ ወርዳችሁ አይታችሁን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔን ግን አባረሩኝ። በዚያች በአንዲት ገጽ ደብዳቤ፣ ልጆቼ፣ የተማርኩትን ሁሉ ሰረዙት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጎኔን እንደ እሾህ ትወጋኛለች። ይቅር በል ትሉኛላችሁ፣ አልልም!

ታዲያ ሥዕሌን ተሸክሜ ቆላ ወረድኩ፣ እደጃቸው ላይ ተቀምጬ የአያ ተሰማን ፊት ወደ ተመልካቹ አዞርኩት። ሁለት ዓይን፣ ያውም ትልልቅ! ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እና ሽማግሌዎቹ ተላኩ፣ ልጅቷም በጥር ተዳረች፣ ሥዕሉም ዳሱ ውስጥ ተሰቅሎ ዋለ። ያን ዕለት ግን፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ አያ ተሰማ ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ ደግሞ ቀረብ አሉ።

«ደግ። ታርቀናል» አሉኝ። «ግን አንተ ልጅ...»

«አቤት፣ አያ?»

«እኔ እናንተን ሳይ መረቡን ማን ያየዋል? ዓሣው እኮ አመለጠ!»

ይኸው፣ ግድግዳው ላይ ናቸው፣ እዩዋቸው። በሕይወቴ እንደ እሳቸው ያለ ሐያሲ አላጋጠመኝም።

ምን አልሽ፣ አንቺ? ያባረሩኝን ሰዎችስ? ሣልኳቸው እንጂ! አንድ ዓይንም በዛባቸውና በጀርባቸው ሣልኳቸው።