የቦምቤ ክረምትና የዳኛው ፍርድ

ወሎ ዝናብ ባጣበት በዚያ የደርግ ዘመን ዓመት፣ በሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ላይ አቶ ሀብተሥላሴን አገኘኋቸው። በንጉሡ ጊዜ ዳኛ ነበሩ፤ ከተሰደዱ ወዲህ ጄኔቭ አጠገብ ቶኔ ከታላቅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሁለታችንም ዙሪክ ኦርሊኮን ሰፈር ለሚደረገው የእሑድ ጸሎት ነበር የምንጓዘው። አጠገባችን የተቀመጠች ወጣት አማርኛችንን ሰምታ ተነሥታ እጅ ነሣች። ስሟ የወይንሐረግ ነው፤ ዙሪክ ስለ አየር ጠባይ ታጠናለች።

አቶ ሀብተሥላሴ የታሸገ ደብዳቤ ያገላብጡ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ ሕብስት ሕንድ አገር ቦምቤ ናት» አሉ። «ባሏ ሽፈራው መርከበኛ ነው፤ አሁን ባሕር ላይ ነው። እሷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቤታቸው ባሕር ዳር ምድር ቤት ስለሆነ፣ ክረምቱን ኮረብታ ላይ ካለች ሕንዳዊት ጓደኛዬ ዘንድ ልሰንብት ወይ ብላ ጻፈችልኝ። ባልሽ በሌለበት ቤትሽን ዘግተሽ ሰው ቤት አትደሪ ብዬ መልሼላታለሁ።»

የወይንሐረግ ደነገጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ይህን ደብዳቤ ባይልኩት ይሻላል።»

«ለምን? ዝናብ በእግዚአብሔር እጅ ነው። ለወሎ ዘግቶ ለቦምቤ የሚከፍተው እርሱ አይደለም?»

«እርሱ ነው። ነገር ግን ሲመጣ እንድናይ ዓይን ሰጥቶናል።»

«እንግዲያው ማስረጃሽን አቅርቢ» አሉ በድሮው የችሎት ድምፃቸው።

«ከክረምቱ በፊት የሕንድ ምድር ክፉኛ ይግላል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከባሕር በኩል እንፋሎት የተሸከመ ነፋስ ይተካል። ከቦምቤ ጀርባ ያለውን ተራራ ሊወጣ ሲል ይቀዘቅዝና ሸክሙን ያፈሳል።»

«ይህማ በረከት ነው።»

«በረከት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ባሕሩ ከወትሮው ይሞቃል፤ ከባድ ደመናም ነፋሱን እየሳበ ከዳርቻው ሳይነቃነቅ ይቆማል። ያኔ የሳምንታት ዝናብ በአንድ ቀን ይወርዳል።»

«ይውረድ! ከተማው ባሕር ዳር ነው፤ ውሃው ወደ ባሕር ይገባል።»

«ችግሩ እዚያ ላይ ነው አባባ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ ጨረቃ ስትሞላ ደግሞ ይብስበታል። ያን ሰዓት ከዘነበ ባሕሩ የከተማውን የፍሳሽ ቦዮች አፍ ይዘጋል። ጎርፉ መሄጃ ያጣና ምድር ቤቶች ውስጥ ይገባል። ጨረቃ የምትሞላው በመጪው ዓርብ ነው።»

«ዓርብ ጎርፍ ይመጣል ትያለሽ?»

«እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። ካልመጣ ጥቂት ቀን እንግዳ ሆነች፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ከመጣስ ያንን ሆድ ይዛ ውሃ ውስጥ ልትሮጥ ነው?»

ሽማግሌው ባቡሩ የበርንን ከተማ እስኪያልፍ ደብዳቤውን እያገላበጡ ቆዩ። እኔም አሰብኩ። ጨዋነትን ያስተማሩን የሰውን ክብር ሊጠብቁበት ነው፤ ሰውየው ከጠፋ ግን የሚጠበቀው ክብር የማን ነው?

በመጨረሻ፣ «ማስረጃ አይቼ ፍርዴን ያነሣሁበት ጊዜ ነበር፤ ይህንንም አነሣሁ» ብለው ደብዳቤውን ቀደዱት። ዙሪክ እንደደረስን ቴሌግራም ላኩ፦ «ዛሬውኑ ወደ ጓደኛሽ ሂጂ። አባትሽ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጄኔቭ ፓኪ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጥተው የሕብስትን ደብዳቤ አነበቡልኝ። ሐሙስና ዓርብ ሳያባራ ዘነበ። ዓርብ ቀን ባሕሩ ከፍ ሲል ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቤቷ መስኮት በላይ ደረሰ። እሷ ኮረብታው ላይ ነበረች፤ ሴት ልጅም ወለደች። በግድግዳ የምትዋሰናት የአንድ ልብስ ሰፊ ሚስት ግን ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚያው ውሃ ውስጥ ቀረች።

ሽማግሌው አላለቀሱም። የወይንሐረግ ዘንድ ስልክ እንድደውል ጠየቁኝና መነጋገሪያውን ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ሕብስትን አድነሽልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ለእኔ የነገርሽኝ ባቡር ላይ ስለተገናኘን ነው። ካንቺ ጋር ላልተሳፈሩት ማን ይንገራቸው?»

 «እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለመምህሮቼ ነው» አለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ገጽ ጻፈች፦ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ፣ ከባድ ዝናብም ሳያቋርጥ ሲወርድ፣ ባሕሩ ከፍ ከማለቱ በፊት ልጆችን፣ ሽማግሌዎችንና ነፍሰ ጡሮችን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። አቶ ሀብተሥላሴ የጠጠረውን ቃል እየሰረዙ አቀለሉት፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ ሕብስትና ጓደኛዋ ደግሞ በሰፈሩ ቋንቋ አድርገው በየደጁ አነበቡት። ልብስ ሰፊው ራሱ አብሯቸው ይዞር ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ውሃው እንደገና መጣ። ምንጣፍና እህል ወሰደ፤ ግድግዳም አፈረሰ። የዚያ መንገድ ሰዎች ግን ባሕሩ ሳይሞላ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጥተው ነበርና፣ ሲነጋ ስም ሲጠራ ያልመለሰ አልነበረም።