ትንፋሹን የሚያፍነው ልብስ ሰፊ

ጋሽ መቀስ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። መሬት ላይ አንድ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው በከዘራ ይሄዳሉ። ውሃ ውስጥ ግን፣ እሰይ! ጉልበት የሚባል ነገር መኖሩንም ይረሱታል። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ መዋኛ ገንዳ ጭር ሲል ይመጡና በደረታቸው ተኝተው ክንድ በክንድ ይቀዝፋሉ። ከላይ በመስኮቶቹ የገባው ብርሃን ከሥራቸው ሰማያዊው ወለል ላይ ሲርገበገብ እያዩ፣ ነቅተው ይሁን ተኝተው እንኳ አይለዩትም። ምን ያደርጋል፣ ሕልሙ ገንዳው መሐል ላይ ያልቃል። ትንፋሽ ያንቃቸውና እየተንፈራገጡ ገንዳውን የሚከፍለውን ገመድ ይይዛሉ። ባለፈው የገንዳው ጠባቂ ጎትቶ አወጣቸውና፣ «አባት፣ ዳግመኛ እንዲህ ከሆኑ አላስገባዎትም» አላቸው። ይህቺን ገንዳ ከተከለከሉ የቀራቸው ከዘራው ብቻ ነው፤ ፈርተዋል።

አንድ ቀን ጠዋት እንደገና ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ሲያለከልኩ አንዲት ወጣት ከአጠገባቸው ብቅ አለች። የስፖርት መምህርት ናት፤ ለራሷ ልትዋኝ ነው የመጣችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ ለምንድን ነው ትንፋሽዎን የሚያፍኑት?»

«ታዲያ ውሃ ልማግ?» አሉ ጋሽ መቀስ። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ውድ ጨርቅ ላይ መቀስ ስታሳርፊ ትንፋሽሽን ካልያዝሽ እጅሽ ይስታል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ያሉኝ ይህንን ነው።»

መምህርቷ መሳቅ አምሯት ነበር፣ ግን ጨዋ ናት፣ ዋጠችው። እስቲ ውሃን እንደ ሱፍ ጨርቅ ትንፋሽ ይዞ የሚቆርጥ ሰው የት ይገኛል!

«ልክ ነዎት፣ መቀሱ አንዴ ሄዶ ያርፋል። ዋና ግን ማረፊያ የለውም። የስፌት መኪናውን ሲረግጡስ ትንፋሽዎን ይይዛሉ?»

«መኪናውንማ እያንጎራጎርኩ ነው የምረግጠው።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት! መኪናው ምት አለው፣ እርስዎም ከምቱ ጋር ይተነፍሳሉ። እዚህም ያው ነው። ፊትዎ ውሃ ውስጥ ሳለ ቀስ እያሉ ያስወጡት፤ አረፋው ይንዶቅዶቅ። ክንድዎ ወደ ኋላ ሲቀዝፍ ትከሻዎ ይዞር የለ? ፊትዎም አብሮት ዞር ይበል፤ አየር ይሳቡና ክንዱ ወደ ውሃው ሳይገባ ይመለሱ።»

«ራሴን ቀና ባደርግ አይሻልም?»

«ራስዎ ቀና ሲል እግርዎ ይሰምጣል፣ ያኔ ድካሙ እጥፍ ነው። ጉንጭዎን ውሃው ላይ እንደ ትራስ ያስደግፉት።»

ጋሽ መቀስ ቅር አላቸው። ሰው በስተርጅና መተንፈስ ይማራል? የያዘውን አየርስ አውጥቶ ውሃ ውስጥ የሚበትን ማን ጅል ነው?

«ያለኝን ካስወጣሁት ምን ይቀረኛል፣ ልጄ?» አሉ። ድምፃቸው ፍርሃት ነበረበት።

«የሚያንቅዎት እኮ እሱ ነው፣ አባባ። የቆየው አየር ካልወጣ አዲሱ የት ይግባ?»

ጠባቂው ከወንበሩ ላይ ያያቸዋል። ጋሽ መቀስ «እንግዲህ የመጣው ይምጣ» ብለው ፊታቸውን ነከሩ።

መጀመሪያ ውሃ ጠጡ። ደግመውም ጠጡ። «ቸኮሉ፣ ክንዱን ይጠብቁት» ትላቸዋለች ከጎናቸው ሆና። ከዚያ አረፋው ጆሯቸው ሥር እያጉረመረመ አለፈ፣ ትከሻቸው ዞረ፣ አፋቸውን ከፈቱ፤ አየሩ እዚያው ነበር። መልሰው ተኙ። ብርሃኑ ከሥራቸው ይፈስሳል፣ ክንድ ይሄዳል፣ ትንፋሽ ይመጣል፣ ሰዓቱም ቦታውም ጠፋባቸው። እጃቸው የገንዳውን ግድግዳ ሲነካ ክው አሉ። መሐሉን መቼ እንዳለፉት አያውቁም።

«አዩ? ትንፋሽ ምቱን ሲጠብቅ ልብ አይሸበርም፣ ትከሻም አይደርቅም። በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳሉ» አለች መምህርቷ።

«እውነትሽን ነው፤ እኔ ነኝ ራሴን ሳንቅ የኖርኩት» አሉ ጋሽ መቀስ። እንግዲህ የተማረ ሰው ሲመክር መስማት እንዲህ ያተርፋል፤ በሰባ ዓመት ቢሆንም።

ጠባቂው መቆማቸውን አይቶ እየተጣደፈ መጣ። «አባት፣ ምን ሆኑ? ላውጣዎት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ የሚሰጡበት ትንፋሽ አይኖራቸውም ነበር።

«አይ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉ ረጋ ብለው። «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?»