ለፈቲሀ የተለየው ሳህን

ቆሼ ከተማ ለለቅሶ ልሄድ ቡታጅራ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ የድሮ ጎረቤቴ ከድጄ ምራቷን ፈቲሀን አስከትላ ገባች። ከድጄን ሰፈራችን ሁሉ ያውቃታል። የስንዴ ዳቦዋ ለኢድም ለሠርግም ይፈለጋል፤ እኔ ክርስቲያኑ እንኳ የልጆቼን ሠርግ ያለ እሷ ዳቦ አልደገስኩም።

«ከድጄ፣ እንደምን ነሽ? ይህን ሁሉ ዕቃ ይዛችሁ ወዴት ናችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጋሽ ሰይፉ። ይህችን ልጅ አባቷ ቤት ላደርሳት ነው።»

«ለጥየቃ?»

«ለጥየቃማ ቢሆን ሻንጣው ምን ያደርግላታል» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፈቲሀን አየኋት። በዚያ ሙቀት እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳ፣ በጨርቁ ላይ ክርኗን ቀስ እያለች ታክካለች። ሰው እንዳያያት አንዴ ታክክና ትተዋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ዓይኗ ቀልቷል። ባሏ አብዱልሃፊዝ፣ የከድጄ ልጅ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ሱቅ አለው። ከሁለቱ ሁኔታ ወሬውን ገና እንዳልሰማ ገባኝ። ነገሩ ለጥየቃ አልነበረም፤ ትዳር ሊፈርስ ነበር።

ወዲያው አንድ ወጣት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባ። ዑመይር ነው፣ የከድጄ የእህቷ ልጅ። ወልቂጤ የጤና ትምህርት ይማራል፤ ትምህርት ተዘግቶ እናቱ ዘንድ ቆሼ መሄዱ ነበር። አክስቱን ትከሻዋን ስሞ፣ ሻንጣውን አየና ጠየቀ። ከድጄም ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሱ ነገረችው።

«ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ፣ ዑመይርዬ። ነገ ሁሉም ሲያክክ ቢያድር ዳቦዬን ማን ይገዛኛል? ሳህኗን ለየሁ፣ ብርጭቆዋን ለየሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«አክስቴ፣ የእሷ ሕመም እኮ አይተላለፍም። ሐኪሙ አልነገራችሁም?»

«ነገረን እንጂ። ባሏ አዲስ አበባ ወስዷት ከቆዳዋ ቆንጥረው፣ ደሟን ቀድተው፣ መጨረሻ ላይ ስንዴና ገብስ አትብይ አሏት። እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፣ ሰው በዳቦ ይታመማል?»

«እኛስ የምንታመመው ዳቦ ስናጣ ነው» አለ ከኋላ ወንበር ሸምሶ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ከፈቲሀ በቀር።

ዑመይር አልተቆጣም። ልጁን የወደድኩት በዚህ ነው። የተማረ ሰው ሲቸኩል እኛ ሽማግሌዎቹ ጆሯችንን እንደፍናለን፤ እሱ ግን አክስቱ ከምታውቀው ጀመረ።

«አክስቴ፣ ሊጥ ስታቦኪ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር አለ አይደል?»

«አለ። ያለ እሱ ዳቦ ኩፍ አይልም።»

«ያን የሚያደርገው ግሉተን የሚባለው ነው። ስንዴ ውስጥ አለ፣ ገብስ ውስጥም እንዲሁ። እኔም አንቺም ብንበላው ምንም አንሆንም። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ግን እንደ ጠላት ያየዋል። ሊዋጋው ሲነሳ የገዛ አንጀቱን ይጎዳል፤ በአንዳንዱ ደግሞ በቆዳ ላይ ይወጣል። ክርኗን አይተሻል? ግራና ቀኙ እኩል፣ ውሃ የቋጠረ ትንንሽ ሽፍታ፣ ጉልበቷም እንዲሁ። ሐኪሞቹ ቆዳዋን የቆነጠሩት ይህንኑ ለማረጋገጥ ነው።»

«ይሁን እንበል። ታዲያ ለምን አልዳነችም? ከሐኪም ከተመለሰች ወዲህ ዳቦ በአፏ አልዞረም፤ ቆጮ ነው የምትበላው። እናቷን ልታስታምም ሄዳ የከረመች ጊዜ ግን፣ ያኔ ገና ሐኪም ዘንድም አልሄደችም፣ ቆዳዋ እየጠራ ነበር። እኔ ቤት ስትገባ ተመለሰባት። ይህ ዓይን ነው፤ ቤቱ አልተስማማትም። ስለዚህ ወደሚስማማት ልመልሳት።»

እውነት ለመናገር፣ ይህን ስትል እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም። ነገሩ የተያያዘ መሰለኝ። ቢሆንም ልጅቷን ሳልጠይቅ መፍረድ አሳፈረኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ ቤት ምን ትበዪ ነበር?»

«የበቆሎ ቂጣ፣ ጎመን፣ ሲገኝ ቆጮ» አለች ቀስ ብላ። «ስንዴ እኛ ቤት ለኢድ ካልሆነ አይገባም።»

«እኔስ ቆጮ ከለከልኩሽ?» አለች ከድጄ። «የእኔ እንዲያውም ይሻላል። ለስላሳ ነው፣ አይደርቅም።»

ዑመይር ቀና አለ። «በምን ለሰለሰ፣ አክስቴ?»

ከድጄ ነጠላዋን አስተካከለች። ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቷታል።

«ትንሽ የስንዴ ዱቄት ጣል አደርግበታለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? የሰው ልጅ በአደራ ተሰጥታኝ፣ ዳቦ ከሚጋገርበት ቤት ደረቅ ቆጮ ላብላት? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ዱቄት ነበረበት?» አለች ፈቲሀ። ማከኳን አቆመች። «እኔ እኮ እየተጠነቀቅሁ የማልድነው ምን በድዬ ነው እያልኩ ነበር።»

«በእፍኝ ነው። እንዳትሳቀቂ ብዬ አልነገርኩሽም።»

«ለእሷ እፍኝ ብዙ ነው፣ አክስቴ» አለ ዑመይር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፍርፋሪም ይበቃታል። በዳቦው ቢላዋ ቆጮዋ ቢቆረጥ፣ ዱቄት ባቦኩበት ዕቃ ምግቧ ቢቀርብ፣ ሕመሙ ይቀሰቀሳል።»

ከድጄ ላይ የሚስቅ አልነበረም። ምን ያስቃል? በጭካኔ የበደለች ሴት ብትሆን እንፈርድባት ነበር። እሷ ግን እንግዳ አክባሪነቷ ነው ያሳሳታት፤ ባዶ ቆጮ ማቅረብ ንፉግነት መስሏት፣ የምትወዳትን ልጅ በእጇ ስታሳምም ከረመች። ወደ ዑመይር ዞር ብላ፣

«ያስደረግሁላት ዱዓስ?» አለች።

«ዱዓው ይቀጥል፤ ዱቄቱ ይቁም።»

«ካቆምኩ ነገ ትድናለች?»

«ነገማ አልዋሽሽም። ቆዳው እስኪጠራ ወራት ይወስዳል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ማሳከኩን የሚያስታግሰውን ኪኒን ሐኪሙ እንዳዘዘላት ትውሰድ፣ ክትትሏንም አታቋርጥ። ምግቡ ግን የዕድሜ ልክ ነው።»

ይኼኔ ረዳቱ «ሞልቷል፣ እንሂድ» ብሎ በሩን ሊዘጋ ያዘ። ከድጄ ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ።»

«መኪናው ሳይነሳ ወራጅ?» አለ ሸምሶ።

«አዎ፣ ሳይነሳ። ተነሺ ልጄ፣ ሻንጣሽን ያዢ። ቤታችን እንመለስ።»

ፈቲሀ ስትወርድ ማልቀሷን አየሁ፤ ያን ጊዜ ግን በሁለት እጇ ሻንጣውን ይዛ ስለነበር እንባዋን የጠረገችላት ከድጄ ናት።

ከብዙ ወራት በኋላ ለአረፋ ጠርተውኝ ሄድኩ። አብዱልሃፊዝም መጥቶ ነበር። ፈቲሀ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ታስተናግዳለች፤ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው። እንቅልፍ አግኝታለች፣ ሰውነቷም ተመልሷል። ከድጄ ዳቦዋን ዛሬም ትሸጣለች፤ የጋገርኩት ለማይጎዳው ነው ትላለች። ለፈቲሀ ግን የጤፍ እንጀራ ስትገዛ እንኳ ገብስ እንዳልተቀላቀለበት ሻጯን አስምላ ነው። ሽፍታ የወጣበት ጎረቤት ስንዴ ላቁም ሲላት ደግሞ ቆጣ ብላ፣ «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ከምርመራው በፊት ካቆምክ ሕመሙ ይደበቅና ምርመራው ይሳሳታል። ሽፍታ ሁሉ ደግሞ የስንዴ አይደለም» ትለዋለች። ይህን ከዑመይር ነው የተማረችው። እናንተም ከእሷ ተማሩት፤ ሐኪም የከለከለውን ነገር ለታማሚ በፍቅር ቢሰጡትም መጉዳቱ አይቀርም።

ያ የተለየ ሳህን አሁንም አለ፣ ከፍ ብሎ ለብቻው ተቀምጧል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ዳቦውን ሊያስቀምጥበት ሲያነሳው፣ ከድጄ ከጓዳ ሆና «እሱ የፈቲሀ ነው፣ መልስ» ብላ ጮኸች።

ፈቲሀ ሳቀች። «ጋሽ ሰይፉ፣ ድሮ ያን ሳህን ሳየው አለቅስ ነበር» አለችኝ። «አሁን ከእኔ በፊት እሷ ትቆጣልኛለች።»